ባንክራፕሲ ፋይል ባደርግ ምን ይመጣብኛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ለሚኖር አበሻ ነው። ካናዳ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ያላችሁ፣ የምትኖሩበት አገር ሕግ ሌላ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ራሴ ቻፕተር 7 ፋይል አድርጌ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። አንዱ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ይይዘኛል። ሌላው ሌሊት ታክሲ እየነዳ ይደውላል። ጥያቄው ሁሌም "ለአንድ ጓደኛዬ ነው" ተብሎ ይጀመራል። ለጓደኞቻችሁ ሁሉ ይኸው።

ባንክራፕሲ ማለት "ከሰርኩ" ብሎ ማወጅ ነው?

"ኪሳራ" የሚለው ቃል ነገሩን ያበላሸዋል። ከሰረ ሲባል ለእኛ የሚታየን ሱቁን ዘግቶ የጠፋ ነጋዴ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ሕግም ኪሳራን የሚያውቀው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። አሜሪካ ግን ደመወዝተኛውም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ነርሷም ፋይል ማድረግ ይችላሉ። ሕጉ የፌደራል ነው። አሁን ያለው በ1978 የወጣው ሲሆን፣ በ2005 በጣም ጠበቅ ተደርጓል።

ሥራው ቀላል ነው። ያላችሁን ሀብት ሁሉ፣ ያለባችሁን ዕዳ ሁሉ፣ ገቢና ወጪያችሁን በመሐላ ጽፋችሁ ለፍርድ ቤት ታስገባላችሁ። ሕጉ በምላሹ መክፈል የማትችሉትን ዕዳ ይሰርዝላችኋል፣ ወይም በአቅማችሁ እንድትከፍሉ ያደርጋል። ስረዛው ዲስቻርጅ ይባላል።

በድሮ ጊዜ አገራችን ውስጥ ባለዕዳው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ታስሮ ይዞር ነበር። ቁራኛ የሚለው ቃል ዛሬም አፋችን ላይ አለ። እፍረታችን ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። ከዚህ በታች እንደምታዩት፣ ሰዎቻችንን የሚጎዳቸው ብዙ ጊዜ ባንክራፕሲው አይደለም። ፋይል ከማድረጋቸው በፊት ባሉት ወራት በይሉኝታ የሚሠሩት ነገር ነው።

ቻፕተር 7 እና ቻፕተር 13 ምንና ምን ናቸው?

ቻፕተር 7 ፈጣኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ያልቃል። ትረስቲ የሚባል ሰው ይመደብላችኋል። ሕጉ የማይከልለው ንብረት ካለ ትረስቲው ሸጦ ለአበዳሪዎች ያከፋፍላል። አብዛኛው ፋይል ላይ የሚሸጥ ነገር አይገኝም።

ለመግባት ገቢ ይለካል። ፋይል ከምታደርጉበት ወር በፊት ያሉት ስድስት ወራት ገቢ ይደመርና አማካዩ ይወሰዳል። በስቴታችሁ የእናንተን ያህል ቁጥር ላለው ቤተሰብ ከተቀመጠው መካከለኛ ገቢ በታች ከሆነ በቀላሉ ታልፋላችሁ። በላይ ከሆነ ወጪ ተቀንሶ እንደገና ይታያል። ስለዚህ ሁለት ሥራ ስትሠሩ ቆይታችሁ አንዱን ከለቀቃችሁ፣ ጥቂት ወር መታገስ ውጤቱን ሊቀይረው ይችላል።

ቻፕተር 13 መደበኛ ገቢ ላለው ሰው ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ በየወሩ ለትረስቲው ትከፍላላችሁ፣ እሱ ያከፋፍላል። ሲያልቅ የቀረው ይሰረዛል። የሚጠቅመው በተለይ ሞርጌጅ ተወዝፎበት ቤቱ ሊሸጥበት ላለ ሰው ነው። ውዝፉን ቀስ እያለ ከፍሎ ቤቱን ያድናል። ለቻፕተር 7 ገቢው የበዛበትም ወደዚህ ይመጣል።

ፋይል ያደረግሁ ዕለት ምን ይለወጣል?

ወረቀቱ ፍርድ ቤት ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ እግድ ይጸናል። የኮሌክሽን ስልክ ይቆማል። ከፔይቼክ መቁረጥ ይቆማል። ክስ ይቆማል፣ መኪና መጎተትም ይቆማል፣ የቤት ጨረታም ይቆማል። ጥሶ የሚደውል አበዳሪ ራሱ ይጠየቃል።

የማይቆምም አለ። የልጅ ማሳደጊያ አይቆምም። የወንጀል ጉዳይ አይቆምም። አከራያችሁ የማስወጣት ፍርድ አስቀድሞ ካገኘ እግዱ ብዙ አይረዳችሁም። ስለዚህ ፍርዱ እስኪሰጥ አትጠብቁ።

እኔ ስልኬን ለሁለት ዓመት ያህል ድምፁን አጥፍቼ ነበር የያዝኩት። ፋይል ካደረግሁ በሁለተኛው ሳምንት መለስኩት። መጀመሪያ የደወለችው እህቴ ነበረች። ደንግጬ አላነሳሁላትም።

ቤቴንና መኪናዬን ይወስዱብኛል?

የሚታየው የቤቱ ዋጋ አይደለም። ዕዳው ተቀንሶ በእጃችሁ የሚቀረው ነው። መኪናው 18,000 ዶላር ቢያወጣና 16,000 ቢቀርበት፣ የእናንተ ሀብት 2,000 ብቻ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ የንብረት ዓይነት የማይነካ መጠን ያስቀምጣል። በፌደራሉ ዝርዝር ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት 31,575 ዶላር፣ ለመኪና 5,025 ዶላር ነው። ባልና ሚስት አብረው ፋይል ካደረጉ እጥፍ ይሆናል።

ግን ስቴቱ ይወስናል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የፌደራሉን ዝርዝር አይፈቅዱም፣ የራሳቸውን ነው የምትጠቀሙት። ዲሲ ውስጥ የምትኖሩበት ቤት የዋጋ ጣሪያ የለበትም። ቴክሳስም በዋጋ አይገድብም፣ በመሬቱ ስፋት ነው የሚገድበው። "እንግዲያው ዳላስ ልሂድና ፋይል ላድርግ" ያለኝ ሰው ነበር። አይሠራም። አዲሱ ስቴት ሁለት ዓመት ካልሞላችሁ የሚታየው የቀድሞው ስቴት ሕግ ነው።

በብድር ያለ መኪና ላይ ደግሞ ተጨማሪ ውሳኔ አለ። መክፈላችሁን ቀጥላችሁ መያዝ ትችላላችሁ። መልሳችሁ መስጠትም ትችላላችሁ፣ ያን ጊዜ ቀሪው ዕዳ ይሰረዛል። ለመያዝ ስትሉ አበዳሪው ዕዳውን መልሳችሁ እንድትቀበሉ የሚያደርግ ወረቀት ያስፈርማችኋል። ያንን ወረቀት ሳታስቡ አትፈርሙ። ከስድስት ወር በኋላ መክፈል ቢያቅታችሁ መኪናውም ይሄዳል፣ ዕዳውም ይቀራል። ከዋጋው በላይ ዕዳ ያለበት መኪና ካላችሁ፣ አፍቅራችሁት ካልሆነ በስተቀር መልሱት።

የጡረታ ገንዘብ፣ በተለይ 401ኬ፣ አይነካም። ሰው ግን ክሬዲት ካርድ ለመክፈል እሱን አውጥቶ ይጨርሳል። ቅጣትና ታክስ ከፍሎ ያወጣውን ገንዘብ ለሚሰረዝ ዕዳ ይሰጣል። በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ይህ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ቤቴስ? ማን ያየዋል?

ይጻፋል። አለቀ።

ሕጉ ንብረት የሚለው የትም ይገኝ፣ በማንም እጅ ይሁን የእናንተ የሆነውን ሁሉ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ የክፍለ ሀገር ቦታ፣ በብር የተቀመጠ የባንክ ሂሳብ፣ አክሲዮን፣ በውክልና ወንድማችሁ የሚያከራየው ቤት፣ ሁሉም ይገባል። "በወንድሜ ስም ነው" የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። በእሱ ገንዘብ የተሠራ ከሆነ የእሱ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ሆኖ ስሙ ብቻ የእሱ ከሆነ ለጠበቃችሁ ንገሩት። ፎርሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ለማንም ያስተላለፋችሁትን ንብረት ይጠይቃል። ትረስቲው በስቴት ሕግ ተመርኩዞ ከዚያም ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል።

ማን ያየዋል? ገንዘብ የላካችሁበት ደረሰኝ ባንካችሁ ላይ አለ። ታክስ ስትሞሉ ስለ ውጭ አገር ሂሳብ ተጠይቃችኋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተጣላ የትዳር ጓደኛ ከየትኛውም መርማሪ ይበልጣል።

ንብረት መደበቅ ዲስቻርጁን ያስከለክላል። የፌደራል ወንጀልም ነው፣ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ጣጣው ከዚያም ያልፋል።

የጻፈ ሰው ምን ይደርስበታል? ትረስቲው አዲስ አበባ ሄዶ ደላላ አይቀጥር ይሆናል። ግን ቤቱን ሽጣችሁ አምጡ ወይም ግምቱን ክፈሉ ሊል ይችላል። በቻፕተር 13 ቤቱ ሳይሸጥ ይቀራል፣ አበዳሪዎች ግን ቢሸጥ ኖሮ ያገኙ የነበረውን ያህል ቢያንስ በወርሃዊ ክፍያው ማግኘት አለባቸው። ቦሌ ጥሩ ቤት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ባንክራፕሲ አያዋጣውም። ቢሸጠውና ቢከፍል ይሻለዋል።

ውርስም አለ። ፋይል ካደረጋችሁ በኋላ ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የምትወርሱት ሰው ቢሞት ድርሻችሁ ወደ ፋይሉ ይገባል። የሚቆጠረው የሞተበት ቀን ነው፣ ገንዘቡ እጃችሁ የገባበት ቀን አይደለም።

ቢያንስ የዘመዴን ብድር ልክፈልና ከዚያ ፋይል ላድርግ?

አይሆንም። ብዙ አበሻ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

እንዲህ እናስብ። በማርች የታክስ ሪፈንድ መጣ። "ባንክ ይቅር፣ ወንድሜ ግን ልጅ አለው" ብላችሁ 6,000 ዶላር ከፈላችሁት። በሴፕቴምበር ፋይል አደረጋችሁ። ትረስቲው ወረቀቱን ሲያይ ለወንድማችሁ ደብዳቤ ይጽፋል። 6,000ውን መልስ ይለዋል። ወንድማችሁ ገንዘቡን አጥፍቶታል። አሁን እሱም ችግር ውስጥ ገባ። ልትጠቅሙት ብላችሁ አስከሰሳችሁት።

ደንቡ እንዲህ ነው። ለቅርብ ዘመድ፣ ማለትም ለወላጅ፣ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለአማት የከፈላችሁት የድሮ ብድር ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ከሆነ ሊመለስ ይችላል። ለባዕድ ከሆነ 90 ቀን ነው። ተራ የፍጆታ ዕዳ ላለበት ሰው፣ ለአንድ አበዳሪ የተከፈለው በድምሩ ከ600 ዶላር በታች ከሆነ አይነኩትም።

ታዲያ ዘመድ ይቅርበት? አይደለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውላችሁ። ዕዳ ከተሰረዘ በኋላ በፈቃዳችሁ መክፈልን የሚከለክል ሕግ የለም። የወንድማችሁን ብድር ከሌሎቹ ጋር ጻፉት። ቻፕተር 7 ይለቅ። ከዚያ ከአዲሱ ደመወዛችሁ በየወሩ 200ም ቢሆን ስጡት። ማንም አይጠይቃችሁም። እኔ የአክስቴን እንዲህ ነው የጨረስኩት። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ስረዛውን አስቀድሜ ነግሬያት ነበር፣ "ወረቀቱ ምን አገባኝ፣ አንተን ነው የማውቀው" ነበር ያለችኝ።

ዕቁብስ?

ዕቁብ በቃል ቢሆንም ዕዳ ነው። ሀብትም ሊሆን ይችላል። ዕጣው ደረሰ ወይስ አልደረሰም ነው ጥያቄው።

ሃያ ሰው፣ በወር 500 ዶላር፣ ዕጣው 10,000 እንበል። በሦስተኛው ዙር ከደረሳችሁ አሥራ ሰባት ዙር ይቀራችኋል፣ 8,500 ዶላር ዕዳ ነው። ይጻፋል። አሥራ ሁለት ዙር ከፍላችሁ ገና ካልደረሳችሁ ደግሞ 6,000 ዶላር የሚጠበቅ ሀብት አላችሁ። እሱም ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ሕጉ በማይነካው መጠን ውስጥ ሊሸፈን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ መታወቅ አለበት።

ዕዳ ብላችሁ ስትጽፉ የአበዳሪ ስምና አድራሻ ይጠየቃል፣ ፍርድ ቤቱም ደብዳቤ ይልካል። የዕቁቡ ዳኛ ደብዳቤውን ከፖስታ ሳጥን ሲያወጣው ከመስማቱ በፊት እናንተ ብትነግሩት ይሻላል። የተሰረዘውን ዙር በኋላ በፈቃድ መክፈል እዚህም ይሠራል። አንድ ነገር ግን አለ፤ ዕጣ ስትወስዱ የፈረመላችሁ ዋስ አለ። እሱ አልተሰረዘለትም።

ዋስ የሆነልኝ ሰው ምን ይሆናል?

ዕዳ ከሜዳ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በቻፕተር 7 የእናንተ ግዴታ ይነሳል፣ የዋሱ አይነሳም። አበዳሪው በማግስቱ ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል። መኪና በኮሳይን ገዝታችሁ ከሆነ አብሮ የፈረመው ሰው ሙሉውን ይጠየቃል፣ ክሬዲቱም ይበላሻል። ቻፕተር 13 ግን ለፍጆታ ዕዳ ዋሱንም ያስጠልላል፣ ክፍያው እስከቀጠለ ድረስ። ዋስ ስላላቸው ብቻ 13ን የመረጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ሬስቶራንት ወይም መደብር ከፍታችሁ ድርጅቱ ኤልኤልሲ፣ ማለትም ዕዳው ከግል ዕዳችሁ የተለየ፣ ቢሆንም፣ የቤት ኪራዩን ውል በግላችሁ ዋስ ሆናችሁ ፈርማችሁ ሊሆን ይችላል። ውሉን አውጥታችሁ የመጨረሻውን ገጽ አንብቡ።

ለእናቴ በየወሩ እልካለሁ፣ አስራትም አወጣለሁ። ችግር አለው?

መላክ ወንጀል አይደለም። ፎርሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ የሰጣችሁትን ስጦታ ይጠይቃል። በወር 150 የሚልክ ሰው በዓመት 1,800 ነው፣ ስለዚህ ይጻፋል። በወጪ ዝርዝሩም ላይ አብሮ ለማይኖር ሰው የምትሰጡት ድጋፍ የሚጻፍበት መስመር አለ። ደረሰኝ ያዙ። ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት ባለው ወር በድንገት 5,000 መላክ ግን ያስጠይቃል።

አስራት የተሻለ ጥበቃ አለው። በ1998 በወጣ ሕግ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ ወይም ለሌላ በጎ አድራጎት የሰጣችሁት በዓመት ከጠቅላላ ገቢያችሁ 15 በመቶ ካላለፈ ትረስቲው ከድርጅቱ መልሶ አይወስደውም። ደረሰኝ የሌለው፣ በፖስታ ተደርጎ ሙዳይ ውስጥ የገባ ገንዘብ ማስረጃ አይሆንም።

የማይሰረዝ ዕዳ የቱ ነው?

የልጅ ማሳደጊያና ለፍቺ የተወሰነ ቀለብ አይሰረዝም። በማጭበርበር የተወሰደ ገንዘብ፣ ጠጥቶ በመንዳት ሰው ላይ የደረሰ ጉዳት፣ የወንጀል መቀጮ አይሰረዝም። የተማሪ ብድር እጅግ ከባድ ችግር መኖሩን በተለየ ክስ ካላስረዳችሁ አይሰረዝም። የፌደራል መንግሥት ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ለራሱ ብድር ሂደቱን አቅልሎታል፣ ስለዚህ "አይሆንም" የተባለውን እንደገና ጠይቁ።

ታክስ በዕድሜው ይታያል። የገቢ ታክሱ መከፈል ከነበረበት ቀን ሦስት ዓመት ካለፈ፣ ፎርሙን ካስገባችሁ ሁለት ዓመት ካለፈ፣ መሥሪያ ቤቱ ሂሳቡን ከመዘገበው 240 ቀን ካለፈ ሊሰረዝ ይችላል። ኡበርና ታክሲ የምትነዱ፣ ባትከፍሉም እንኳ ፎርሙን በጊዜው አስገቡ። ያላስገባችሁት ዓመት ሰዓቱ መቁጠር አይጀምርም።

ስለ ነጂዎች ካነሳን፣ የፓርኪንግና የካሜራ ቲኬት በቻፕተር 7 አይሰረዝም። በቻፕተር 13 ግን፣ የወንጀል ቅጣት እስካልሆነ ድረስ፣ በአብዛኛው ይሰረዛል።

የሆስፒታል ዕዳ፣ ክሬዲት ካርድ፣ የግል ብድር፣ የድሮ ኪራይ ይሰረዛሉ። ሊሰረዝልኝ ነው ብሎ ካርዱን ማራገፍ ግን ጉድ ያመጣል። በ90 ቀን ውስጥ ከአንድ አበዳሪ ከ900 ዶላር በላይ ለቅንጦት፣ በ70 ቀን ውስጥ ደግሞ ከ1,250 በላይ ጥሬ ገንዘብ ከካርድ ከወሰዳችሁ፣ አጭበርብራችሁ እንደሆነ አስቀድሞ ይገመታል።

ግሪን ካርዴን ወይም ዜግነቴን ይነካዋል?

ባንክራፕሲ ወንጀል አይደለም። ፋይል በማድረጉ ብቻ ማንም ግሪን ካርድ አይነጠቅም። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ስለ ታክስ ይጠይቃል፣ ስለ ባንክራፕሲ አይጠይቅም። ቤተሰብ ለማምጣት ስፖንሰር ስትሆኑ ዋናው የሚታየው ገቢያችሁ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ሰውም በታክስ መለያ ቁጥር ፋይል ማድረግ ይችላል። የሚያስፈራው በመሐላ መዋሸት ብቻ ነው።

ባለቤቴም አብራ ፋይል ማድረግ አለባት?

ግዴታ አይደለም። ዕዳው በአንዱ ስም ከሆነ አንዱ ብቻ ይበቃል። የቤቱ ገቢ ግን የሁለታችሁም ይቆጠራል። ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኔቫዳ ያላችሁ፣ በትዳር የተገኘ ንብረት የጋራ ነው የሚባልበት ስቴት ውስጥ ስለሆናችሁ ነገሩ ይወሳሰባል። ሳትነግሯት ፋይል የማድረግ ሐሳብ ካለ ግን ተዉት፣ ደብዳቤው የሚመጣው ቤት ነው።

ከሥራ ያባርሩኛል? ታክሲ ፈቃዴስ?

አሠሪ በባንክራፕሲ ምክንያት ብቻ ሊያባርር አይችልም። መንግሥትም በዚያ ምክንያት ብቻ ፈቃድ ሊነጥቅ ወይም ሊከለክል አይችልም። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በባንክራፕሲ ለተሰረዘ የመኪና አደጋ ዕዳ ሲባል መንጃ ፈቃድ የሚያግድ የአሪዞና ሕግ ሽሯል። አዲስ ሥራ ስትፈልጉ ግን የግል ድርጅት ክሬዲት አይቶ ላይቀጥራችሁ ይችላል። ባንክና ገንዘብ የሚነካ ሥራ ላይ ይህ ይታያል።

ሰው ይሰማል?

መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። ግን ከፍሎ ፈልጎ የሚያነብ ጎረቤት አላየሁም። የሚያውቁት ደብዳቤ የሚደርሳቸው አበዳሪዎች ናቸው። አበዳሪው አበሻ ከሆነ እንግዲህ እስከ እሑድ ሁሉም ይሰማል።

ክሬዲቴ ለዘላለም ተበላሸ ማለት ነው?

ቻፕተር 7 ለ10 ዓመት፣ ቻፕተር 13 ብዙውን ጊዜ ለ7 ዓመት ሪፖርቱ ላይ ይቆያል። መቆየቱ ግን በር ዘግቶ መቆየት አይደለም። ፋይል የሚያደርገው ሰው ክሬዲቱ አስቀድሞ ወድቋል። ዲስቻርጁ እንደወጣ ማስያዣ የሚጠይቅ ካርድ፣ 300 ዶላር አስይዛችሁ አውጡ። ቤንዚን ግዙበት፣ በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ክፈሉ። የመኪና ሻጮች ፖስታ ይልኩላችኋል፣ ወለዱ ያስደነግጣል፣ ጣሉት።

ለኤፍኤችኤ፣ ማለትም የፌደራል መንግሥት ዋስትና ለሚሰጠው የቤት ብድር፣ ከቻፕተር 7 ዲስቻርጅ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይጠበቃል። አፓርታማ ስትፈልጉ ከፍ ያለ ዲፖዚት ትጠየቁ ይሆናል። ክሬዲት ሪፖርታችሁን አውጥታችሁ የተሰረዙት ዕዳዎች ዜሮ መሆናቸውን እዩ። የእኔ ላይ ሁለቱ ሳይነኩ ቀርተው ነበር፣ በደብዳቤ አስተካከልኩ።

"ዕዳ እናደራድራለን" የሚሉት አይሻሉም?

አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ክፍያ አቁሙ ይሏችኋል፣ የእነሱን ክፍያ ይወስዳሉ፣ አበዳሪው እስከዚያው ይከሳል። የተቀነሰላችሁ ዕዳም እንደ ገቢ ተቆጥሮ 1099-ሲ የሚባል የታክስ ወረቀት ሊመጣባችሁ ይችላል። በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ ገቢ አይባልም።

ስንት ያስወጣል?

የፍርድ ቤቱ ክፍያ ለቻፕተር 7 338 ዶላር፣ ለቻፕተር 13 313 ዶላር ነው። በአራት ጊዜ ለመክፈል መጠየቅ ይቻላል። ገቢያችሁ ከድህነት መስመሩ 150 በመቶ በታች ከሆነ የቻፕተር 7ቱ እንዲነሳ ማመልከት ትችላላችሁ። ሁለት አጫጭር ትምህርቶች አሉ። አንዱን ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት ባሉት 180 ቀናት፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ያልቃሉ። ትልቁ ወጪ ጠበቃው ነው። አቅም ከሌላችሁ የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮዎችን ጠይቁ።

ታክስ የሚሞላላችሁ ሰውዬ "እኔም እሞላዋለሁ" ካላችሁ፣ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ፎርም መተየብ እንጂ ምክር መስጠት በሕግ አልተፈቀደለትም። ቻፕተር ስንት እንደሚያዋጣ፣ የትኛው ንብረት እንደሚከለል ከነገራችሁ መስመር አልፏል።

ፍርድ ቤት ቀርቤ ምን እባላለሁ?

አብዛኛው ሰው ዳኛ አያይም። የሚቀረው የ341 ስብሰባ የሚባለው ነው፣ ቻፕተር 7 ላይ ፋይል ካደረጋችሁ ከ21 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ይደረጋል፣ አሁን በዙም ነው። ትረስቲው ያስምላችኋል፣ መታወቂያ ያያል፣ ይጠይቃል። ንብረቱ ሁሉ ተጽፏል? ለዘመድ ከፍላችኋል? ውጭ አገር የምትወርሱት አለ? እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ አስተርጓሚ በስልክ በነፃ ይቀርባል፣ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

እኔ ሱፍ ለብሼ፣ ክራባት አስሬ ከካሜራው ፊት ተቀመጥኩ። ሰባት ደቂቃ ነበር። ትረስቲው ስሜን ሦስት ጊዜ አበላሽቶ ጠራው።

ፋይል አድርጌ ወደ ኢትዮጵያ መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ፓስፖርት የሚይዝ የለም። ግን የስብሰባውን ቀን እወቁ፣ ከውጭ አገር ሆኖ መግባት አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ቲኬቱን በማን ገንዘብ እንደገዛችሁም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። እህታችሁ ከገዛችላችሁ ደረሰኙን በእሷ ስም አስቀምጡ፣ እናንተ ከገዛችሁ ደግሞ በሚሰረዘው ካርድ አይሁን።